ከምሰሶው ውስጥ የተቀዳው

በስሟ የሚጠራት ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚላት። ሥራዋ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛውና መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው ረድፍ፣ እዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ስትገለብጥ ኖራለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ግን በኮሌታ አይደለም። ስልሳ የስፌት መኪና ባንድ ላይ እየጮኸ፣ ቀና ብላ «ያቺ የጥጓ ዘይት ፈልጋለች» ትላለች፤ መካኒኩ ሄዶ ሲነካካት እውነትም ደርቃ ያገኛታል። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ግን መኪናቸው ሲያስቸግራቸው ከመካኒኩ በፊት እሷን መጥራት ለመዱ።

አባቷ ሸክላ ማጫወቻ ጠጋኝ ነበር። ሲሞት ለሁለት ሴት ልጆቹ የተወው አንድ ማጫወቻና ሁለት ሣጥን ሙሉ አሮጌ ሸክላ ነው፤ ግማሹ የተጫረ፣ ግማሹ የተጣመመ። ከቀብሩ ጥቂት ሳምንት በኋላ ጆሮ አንዱን አውጥታ ብታስቀምጠው፣ መርፌው ከመጨረሻው ዘፈን ወዲያ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ተይዞ ቀረ። ፍስስ... ጠቅ። ፍስስ... ጠቅ። በልጅነቷ ከአባቷ የሥራ ክፍል ይሰማት የነበረው ይሄው ነው እንጂ ዘፈኑ አልነበረም፤ ሰውየው መርፌ ይሞክር ነበር እንጂ ዘፈን አያዳምጥም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋን ስትጨርስ ስልኳን አውጥታ ቀዳችው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሁሉ መቅዳት ሆነ። የካውያ እንፋሎት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አውቶቡስ በሩን ሲከፍት የሚተነፍሳት ትንፋሽ፣ ጎረቤት ደረጃ ላይ የሚጎተት ወንበር። እሑድ እሑድ አሮጌ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጥና አንዱን ድምፅ ከሌላው ታነባብራለች። ከአባቷ ሸክላ ላይ አንዲት የክላርኔት ትንፋሽ ትወስድና፣ ታዘገያታለች፣ ታዘገያታለች፣ እስከምትቀልጥ ድረስ፤ ከሥሯ የካውያውን እንፋሎት ታነጥፍላታለች። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው። ዝም ብሎ እንደ ጭጋግ ክፍሉን ይሞላል።

ታናሽ እህቷ አብራት ነው የምትኖረው። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት ከሚውልበት መንገድ ላይ የሚውልበት ይበልጣል። እሷም እዚያው ፋብሪካ ቁልፍ ሰፊ ናት፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

«እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለቻት አንድ እሑድ በሩ ላይ ቆማ። «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ፍሪጁ ተበላሽቶ ነው?»

«ጥሩ ፍሪጅ ከሆነ ምን አለበት?»

«ልጄ ሆዴ ውስጥ ሆኖ እንዳይሰማሽ እንጂ! ሲወለድ ከማልቀስ ይልቅ እዝዝዝ ቢል ማን ሊጠየቅ ነው?»

ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ወደ ምሰሶው ልምጣ፤ የጀመረው እህቷ ገና ሳታረግዝ ነው። የስፌት አዳራሹ መሀል ለመሀል አራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ነበሩት፤ አንደኛው ከእህቷ ወንበር ጀርባ ነው የቆመው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ሴቶቹ ምሳቸውን ሊበሉ ወደ ደጅ ሲወርዱ፣ ጆሮ ደክሟት ምሰሶው ላይ ደገፍ አለች። ጆሮዋ ልስኑን ሲነካ መላው ሕንፃ ተሰማት። የውኃው ፓምፕ፣ የአሳንሰሩ ገመድ፣ ከታች የሚራመድ ሰው ኮቴ፣ የሩቅ መኪና። ሁሉም ወፍሮና ረግቦ ነው የሚመጣው፤ ሕንፃው በሆዱ የሚያወራ መሰላት። በማግስቱ ከተሰበረ የማንቂያ ሰዓት ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ ንዝረት የምትይዝ ክብ የናስ ቅጠል ነቅላ፣ ሽቦ በይዳባትና፣ ምሰሶው ላይ በማጣበቂያ ለጠፈቻት። ሽቦዋን ከመቅጃዋ ጋር አገናኘች። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ በምሳ ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት ትቀዳለች። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሐሙስ አላለፋትም።

አምስተኛው ወር ላይ አዲስ ድምፅ መጣ።

ቀጭ።

ደረቅ እንጨት ከሩቅ ሲሰበር የሚመስል፣ አጭርና ንጹሕ ድምፅ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚሰማው። በሚቀጥሉት ሳምንታት በዛ፤ አንዳንዴ ሦስት አራቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ጆሮ በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ያን ሁሉ ጊዜ ጭጋግ ስታነባብር የጎደላት ምት ነበር፤ ይኸው ሕንፃው ራሱ ምቱን ሰጣት። ከአባቷ ሸክላ ላይ ያዘገየችውን ክላርኔት አመጣች፣ የፓምፑን እንጉርጉሮ ከሥር አደረገች፣ ቀጭታዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ከላይ በተነቻቸው። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ወጣላት። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር።

አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ወዳጅ ነበራት፤ ሱቁ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እሷን መሰል ነገር የሚወዱ ሰዎችን ሰብስቦ ያስደምጣል። ያን ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። አንደኛው፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌ፣ ለሙዚቃ ሳይሆን ዝናቡን ሊያሳልፉ ነበር የገቡት፤ መደርደሪያው ሥር ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። አንዲት ሴት «ያቺ ቀጭ የምትለዋ ነገር ልቤን ወሰደችው» አለች። ጆሮ ፊቷ እስኪቀላ ፈገግ አለች።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቧት።

«ልጄ፣ ያቺን ቀጭ ቀጭ የምትለዋን ከየት አመጣሻት?»

«ከሥራ ቦታዬ ነው፣ አባባ። ከምሰሶ ውስጥ።»

«ቆሞ ካለ ምሰሶ?»

«አዎ።»

«ሰው አለበት?»

«እኛ አለንበት» አለች፤ አሁንም ፈገግ እንዳለች ነው።

ሽማግሌው ፈገግ አላሉም። «እኔ ግንበኛ ነበርኩ። አርባ ዓመት አርማታ ሞልቻለሁ። ይሄን ድምፅ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። ዘጠኝ ሆነን ከሥሩ እየሠራን ነበር። ከወሬ አልቆጠርነውም። የወጣነው ሦስት ነን።»

«ምን... ምን ማለት ነው ድምፁ?»

«መሸከም አቅቶታል ማለት ነው» አሉ ግንበኛው። ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «ልጄ፣ ሙዚቃ አላውቅም። ይሄን ግን አውቃለሁ። ነገ ዛሬ አትበዪ።»

ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። እሑድን ሙሉ ቅጂዎቹን በየቀናቸው ደርድራ ቀጭታውን ቆጠረች። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት፣ ምንም። አምስተኛው ወር፣ አንድ፣ ሁለት። ስድስተኛው ወር፣ ሰባት፣ ዘጠኝ። ያለፈው ሐሙስ፣ አርባ ሦስት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አርባ ሦስት ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አምስተኛው ወር ላይ ጣሪያው ላይ አዲስ የውኃ ታንከርና ጄኔሬተር ወጥቶ ነበር። ሲወጣ በመስኮት እያዩ አጨብጭበዋል፤ ከእንግዲህ ውኃ አይቋረጥብንም ብለው።

ከሁሉ የባሰ ያስፈራት ግን ሌላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ድምፅ ቆንጆ ብላዋለች። ከእህቷ ጀርባ የሚሰበረውን ነገር እየለቀመች ዜማ ሠርታበታለች፤ ሰው አስጨብጭባበታለች። ጆሮዋን ቆርጣ ብትጥል ወደደች።

ሰኞ ጧት ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ የጆሮን ፊት ስታይ ሳቁን አቆመች፤ ቀጥላ ተናደደች።

«እንግዲህ ባንድ ዝናብ የሸሸ ሽማግሌ ወሬ ሥራዬን ልተው?»

«አንድ ሳምንት ብቻ ቤት ዋይ። አመመኝ በይ።»

«ይኸው አንቺ ልትሄጂ እየለበስሽ አይደል እንዴ? አንቺ ካልቀረሽ እኔም አልቀርም።»

አብረው ሄዱ። ደረጃውን ስትወጣ ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን እንደ ሌባ አሳረፈች።

የፈረቃው አለቃ «ቶሎ በሉ» ነበር የሚባለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ሲወጣ የሰማ ስለሌለ። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ነገረችው፤ ማዳመጫውን ሰጥታ ቅጂውን አሰማችው። በአንድ ጆሮው ሰምቶ መለሰላት።

«ይሄ ምኑ ነው? ፓምፑ ነው።»

«ፓምፑን ለብቻው አውቀዋለሁ፣ አለቃ። እባክዎ መሐንዲስ ይምጣና ይየው። ልስኑንም ይዩት፤ እህቴ ወንበር ጀርባ ፀጉር የምታህል መስመር ወጥታለች።»

«ልስን አይሰነጠቅም እንዴ? የኔ ቤት ግድግዳ ሁሉ ስንጥቅ ነው፤ እየተኛሁበት ነው። በይ ወደ ሥራሽ፤ ሰው እንዳታስበረግጊ። ቶሎ በይ!»

ማክሰኞ ቀለም ቀቢ መጥቶ ስንጥቋን ነጭ ቀለም ቀባባት። ረቡዕ ጧት በቀለሙ ላይ እንደገና ታየች፤ አሁን ረዝማለች፣ ጎንበስ ብላም ወደ ወለሉ ወርዳለች። ጆሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች፤ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለቻት። ለከተማው የግንባታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከደረጃው ሥር ሆና ደወለች፤ ያነሳው ሰው መዝግቤዋለሁ አላት። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

እነዚያ ቀኖች እንዴት እንደነጎዱ ስትጠየቅ፣ «ሰው በቁሙ ሲሞት እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት» ትላለች። መቀስ ወለል ላይ ሲወድቅ ልቧ አብሮ ይወድቃል። የጨርቅ ጋሪ ሲገፋ ወለሉ ከሥሯ የተንቀጠቀጠ ይመስላታል። ኮሌታ ስትሰፋ ዐይኗ ከጨርቁ ላይ አይደለም፤ እህቷ ትከሻ ላይ ነው፤ ከትከሻዋ በላይ ነጩ ምሰሶ ላይ። ሦስት ኮሌታ በተሳሳተ ፊቱ ሰፋች። እህቷ ሆዷን እያሻሸች ዘወር ብላ ስታያት በከንፈሯ «ተይ» ትላታለች።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናዎቹ ቆሙ። ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ምሳቸውን እዚያው ወንበራቸው ላይ የሚበሉ ብዙ ነበሩ። ጆሮ የናሷን ቅጠል ምሰሶው ላይ ለጠፈችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

መቁጠር አልቻለችም። በጋለ ብረት ላይ እንደተበተነ ደረቅ ፍሬ ይንጣጣ ነበር፤ ያለማቋረጥ። በመሀሉ ደግሞ ሰምታው የማታውቀው ረጅም፣ ወፍራም ማቃሰት አለ።  መጮህ ፈለገች። ብትጮህም ማን ይሰማታል? አራት ቀን ስትናገር ከርማ የለም እንዴ?

ወደ ቶሎ በሉ ጠረጴዛ ሄደች። ከጠረጴዛው አጠገብ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ማስታወቂያ የሚነገርበት፣ ከሰዓት ደግሞ ዘፈን የሚከፈትበት። የመቅጃዋን ሽቦ ጎትታ እዚያ ሰካችው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞረችው።

ቀጭ። ቀጭቀጭቀጭ። እእእምምም። ቀጭ።

አዳራሹ ውስጥ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አንዷ።

«ከዚህ ምሰሶ ውስጥ ነው» አለች ጆሮ። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ። የተቀዳ አይደለም።» ተመልሳ ምሰሶውን በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ ጭረቱ በማጉያው ጎልቶ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። እህቷ ወንበሯን ለቃ ስትነሳ ፊቷ እንደ ጨርቁ ነጭ ነበር።

ቶሎ በሉ ምሳውን በጉንጩ እንደያዘ ከበሩ ሮጦ መጣ። «ማን ነው ይሄን...» አለና ቆመ። በዚያች ቅጽበት ከእህቷ ወንበር በላይ ካለው ጣሪያ ልስን ተፈርፍሮ ቁልፎቹ ላይ ወረደ። ትንሽ ናት፣ እፍኝ አትሞላም። ሰውየው ወደ ላይ አየ። ጆሮ ከሁሉ የማትረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው።

«ቀስ በሉ» አለ። በሹክሹክታ ነበር ማለት ይቻላል። «ማንም እንዳይሮጥ። ዕቃ አታንሱ። አንድ በአንድ፣ በግድግዳው በኩል። ቀስ በሉ፣ እህቶቼ፣ ቀስ በሉ።»

ሦስት ፎቅ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ጆሮ እህቷን ከኋላ በብብቷ ደግፋ ይዛለች፤ እህቷ የእርከኑን ጠርዝ በእግሯ እየዳሰሰች ነው የምትወርደው፤ ሆዷ እግሯን ይከልላታል። የሁለተኛውና የአንደኛው ፎቅ ሠራተኞች ይቀላቀላሉ። የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ግን በአፍንጫው። ጆሮ ከሰው ሁሉ መሀል ኮቴውን ትሰማለች፤ እያንዳንዱ ኮቴ ምሰሶው ላይ የሚመታ መዶሻ መሰላት። አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን። «እታለም፣ ያመኛል» አለች እህቷ። «ታች ስንደርስ» አለቻት፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም። በሩ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ፊታቸውን መታው፤ መንገዱን ተሻግረው አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሙ።

ከዚያ ምንም አልሆነም።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት። ሕንፃው ዝናብ እየመታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጃኬታቸውን ትተው የወጡት መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ማጉረምረሙም ቀጠለ። «ምሳዬን እንኳ አልጨረስኩም» አለች አንዷ። «ጆሮ ዛሬ ጉድ ሠራችን» አለች ሌላዋ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወርዶ ቶሎ በሉን በጣቱ እየጠቆመ ሲገሥጸው ይታያል። ጆሮ ያኔ ሁለተኛውን ፍርሃት ቀመሰችው፤ የፊተኛው ሳይለቃት። ተሳስቼ ቢሆንስ? እርጉዝ እህቴን በዝናብ ያስሮጥኩት በፓምፕ ድምፅ ቢሆንስ? መውደቁን ትመኝ ወይስ አለመውደቁን፣ ራሷም አላወቀች። አንዲት ከጠርዝ ሰፊዎቹ፣ «እኔ ጃኬቴን ላምጣ» ብላ መንገዱን መሻገር ጀመረች። ጆሮ ሮጣ ክንዷን ጨበጠቻት። «በናትሽ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። በናትሽ።» ልጅቱ ልታስለቅቃት ስትታገል ድምፁ መጣ።

ጆሮ የጠበቀችው ነጎድጓድ ነበር። የመጣው ግን አጭርና ድፍን ነው፤ ከባድ መጋረጃ ከከፍታ የወደቀ የሚመስል። የሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች አቧራ ተነፈሱ። የታንከሩ ጥግ ጣሪያ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ጠፋ።  ትንሽ ቆይቶ በዋናው በር፣ በደረጃው በኩል፣ ውኃ መውረድ ጀመረ፤ ከላይ የታንከሩ ውኃ ሁሉ ቁልፍና ክር ይዞ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ እግራቸው ድረስ መጣ። ልጅቱ የጆሮን እጅ መልሳ ያዘች፤ እስኪያማት ጨበጠቻት።

ሰው አልሞተም። ከከተማው የመጣው መሐንዲስ የምሰሶውን ፍርስራሽ ሲያይ ከውስጥ ያለው ፌሮ ብረት ጣት እንኳ አያህልም ነበር፤ ተጣሞም ተቆላልፏል። ቅጂዎቹን ሁሉ ጠየቃት፤ ሠላሳ አራቱንም ሰጠችው። «እነዚህን መቅዳት ከየት ተማርሽ?» ሲላት «ስጫወት ነው» አለችው፤ አፍራ።

ግንበኛው ወሬውን ሰምተው ቤቷ መጡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው አዙረው አዙረው፣ «ያንን ሙዚቃ አሁንም ታዳምጪዋለሽ?» አሏት።

«አጠፋሁት፣ አባባ። ሌላም አልሠራሁም። ቆንጆ የመሰለኝ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።»

«ኧረ ያጠፋው ድምፁ ነው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ተገርመው። «እሱማ ሲነግራችሁ ከርሞ!»

 እውነታቸውን ይሆናል ብላ ታስባለች፤ ፍርሃቱ ግን በዚህ አልለቀቃትም።

ፋብሪካው የተረፉትን መኪናዎች ሰብስቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ምድር ቤት መጋዘን ተከራየ። እህቷ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ፤ ስትወለድ ደህና አድርጋ አለቀሰች። የሥራው መጀመሪያ ቀን ሴቶቹ መጋዘኑ በር ላይ ደርሰው ማንም ቀድሞ አልገባም። ቶሎ በሉም ከኋላቸው ቆሟል፤ ሰዓቱን አላየም። ጆሮ አለፈቻቸው፣ ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ከዚያ ጉንጯን። ልቧ ድው ድው ሲል ስለነበር ከልቧ ሌላ ምንም አልሰማችም። ልቧ እስኪበርድላት ጠበቀች። ከውጭ አንዲት ሴት ሳል ያዛትና አፏን አፈነች።

«ግቡ» አለች ጆሮ በመጨረሻ። አንድ በአንድ፣ ወለሉን በእግራቸው እየዳሰሱ፣ ገቡ።